ምዕራፍ 7፦ ስሙ የጠፋው ጠመንጃ

«አይመታም» የሚባል ጠመንጃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አምስት ጥይት ሲተኮስበት አምስቱንም አንድ ቦታ ያሳርፋል፤ ቦታው ግን የታለመው አይደለም፣ ከዒላማው መሀል ግማሽ ክንድ ከፍ ብሎ ወይም ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ነው። ሌላው አምስቱን ጥይት አምስት ቦታ ይበትናል፤ አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች፣ አንዱን ጭራሽ ከወረቀቱ ውጪ። ባለቤቶቻቸው ሁለቱንም በአንድ ስድብ ይሰድቧቸዋል፤ በሽታቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የማነጣጠሪያ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃናል። የሁለተኛው መንስኤ ግን ከጥይቱ እስከ እንጨቱ፣ ከአፈሙዙ እስከ ተኳሹ ትከሻ ድረስ የትም ሊደበቅ ይችላል። ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት የተበሳሳውን ወረቀት ማንበብ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ለዚህ ምዕራፍ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ የጣሊያኑን ካርካኖ መርጫለሁ። ከጦር ሠራዊት መጋዘን ወጥተው ለሲቪል ገበያ ከቀረቡ አሮጌ ጠመንጃዎች ሁሉ እንደ እሱ ስሙ የጠፋ አላውቅም። ለእኛም ቢሆን እንግዳ አይደለም። የጣሊያን ሠራዊት በ1891 የተቀበለው (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቱሪን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ በነበረው በሳልቫቶሬ ካርካኖ ስም የሚጠራ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስድስት ስድስት እየሆነ ከነብረት ማቀፊያው ወደ ካዝናው ይገባል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የእግረኛ ወታደሯ ዋና መሣሪያ ይኸው ነበር። በውጊያ የተማረከው፣ በ1941 ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣም የተረፈው በአገራችን ሰው እጅና በመንግሥት መጋዘን ለአሥርት ዓመታት ኖረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ የወጡ ካርካኖዎች ከቬተርሊ፣ ከውጅግራና ከኤም 1 ካርባይን ጋር አሜሪካ ገብተው ለአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ገዢው ግራሶውንና አቧራውን ጠርጎ ወደ ተኩስ ሜዳ ይወስደዋል፣ አምስት ጥይት ይተኩሳል፣ ከዚያ «የጣሊያን ዕቃ!» ብሎ ያማርራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የምናወራው በሕግ ስለተያዘና በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ወረቀት ላይ ስለሚተኮስ ጠመንጃ ነው። አገር ቤት ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ስለሆነ፣ ከአያት የተወረሰ ምንሽር ሣጥን ውስጥ ያለው አንባቢ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፈቃድ ሰጪው አካል ነው።

የካርካኖን ስም ዓለም ያወቀው በክፉ ቀን ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ኅዳር 1963 ዳላስ ከተማ ውስጥ ሲገደሉ የተገኘው መሣሪያ በ1940 ቴርኒ የተሠራ ሞዴል 91/38 ካርካኖ ነበር። በግድያው የተከሰሰው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በፖስታ ያዘዘው ከቺካጎ የስፖርት ዕቃ መደብር ሲሆን ዋጋው ከነርካሽ መነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ከነማጓጓዣው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በኋላ «እንዲህ ያለ ቆሻሻ ጠመንጃ ምንም አይመታም» የሚለው ወሬ ከሴራ ትንታኔው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሴራውን ለሌሎች ልተወውና ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመውን የምርመራ መዝገብ ልጥቀስ። የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ጠመንጃውን ሲሞክሩት ጥይቶቹ ከዒላማው ከፍ ብለውና ወደ ቀኝ ዞረው ተገኙ፤ ነገር ግን ተሰብስበው ነበር። የጦር ሠራዊቱ የባሊስቲክስ ቤተ ሙከራ ሰዎችም መነጽሩ ማስተካከያው እስኪያልቅ ቢዞር ከዒላማው ጋር አልገጥም ስላላቸው ከመቀመጫው ሥር ቀጫጭን የብረት ንጣፎች አስገቡ። ከዚያ የሰጡት ምስክርነት የወሬው ተቃራኒ ነበር፤ ጠመንጃው በጥይት አሰባሰቡ በወቅቱ ከነበሩት የሠራዊት ጠመንጃዎች አያንስም አሉ።

ልብ በሉ፤ ባለሙያዎቹ በርሜሉን አልቀየሩም፣ ምላጩን አልነኩም። «ይበትናል ወይስ ይስታል?» የሚለውን ጥያቄ ለዩ፣ መልሱ «ይስታል» ስለነበር ማነጣጠሪያውን ብቻ አከሙ።

ለመሆኑ ከወታደር ጠመንጃ ምን ያህል ይጠበቃል? ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው ይህን ካለማወቅ ነው። በየቤቱ የሚታወቀውን ክላሽ ብንወስድ የሶቪየቱ መመሪያ ጠመንጃው ደህና ነው የሚለው በ100 ሜትር ላይ የተተኮሱ አራት ጥይቶች 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ሲያርፉ ነው። አሜሪካኖቹ የዒላማ ተኳሾች «አንድ ደቂቃ» እያሉ የሚመኙት ደግሞ በ100 ሜትር ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለቅልጥፍናና ለጭቃ የተሠራን የወታደር መሣሪያ በዚህ መስፈሪያ መስፈር ግፍ ነው። የሰማንያ ወይም የዘጠና ዓመት ካርካኖ በክፍት ማነጣጠሪያ በ100 ሜትር አምስት ጥይት በአንድ የእጅ መዳፍ ልክ ከሰበሰበ ባለቤቱ ዝም ብሎ ይደሰት። ሐኪም የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ለሰፋው ነው።

ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ግን ጠመንጃውን የሚያውቅ ባለሙያ ያየዋል። መቀባበያው በትክክል መቆለፉ፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍል በዕድሜ ብዛት አለመለጠጡ፣ በርሜሉ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር አለመኖሩ ይረጋገጣል። ይህ ስለ መምታት አይደለም፤ ስለ ዓይንና ስለ እጅ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ጠመንጃው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ይነበባል። ጣሊያኖች በ1938 ከ6.5 ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ሊሸጋገሩ ተነሡ፤ ጦርነቱ ሲደርስባቸው ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ 6.5 ተመለሱ። የሁለቱ ጠመንጃ መልክ መንትያ ነው። ባለ 7.35 በርሜል ውስጥ 6.5 ሚሊ ሜትር አረር ከገባ ቦዩን ሳይነካ እየተንገላታ ይወጣል፤ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። ልዩነቱ የኋላው ማነጣጠሪያ አካባቢ በተቀረጸች ቁጥር ላይ ብቻ ስለሚታይ ያቺን ቁጥር ሳያነቡ ጥይት የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን በአየር ላይ ይበትናሉ።

አሁን ወደ «ይስታል» እንሂድ። በሞዴል 91/38 ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ አይንቀሳቀስም፤ ለ200 ሜትር ተብሎ አንድ ጊዜ ተቆርጧል። ረጅሙ የ1891 ጠመንጃ የሚነሣ መሰላል ቢኖረውም ቁጥሩ የሚጀምረው ከ600 ሜትር ነው፤ ወደ ፊት ታጥፎ ሲተኛ የሚሰጠው የቅርብ ርቀትም ቢሆን መቶዎች ሜትር ነው። ስለዚህ በ50 ሜትር ወረቀት ላይ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ከፍ ብሎ ቢመታ ጠመንጃው የታዘዘውን እየፈጸመ ነው።

ይህን ያህል ሁሉም ይስማማል። ብዙ ሰው የማያውቀው አተያዩን ነው። አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ ወታደር ልጃቸው የገዛላቸውን ካርካኖ ይዘው ተኩስ ሜዳ መጥተው ነበር። አተኳኮሳቸው የሚያስቀና ነው፤ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ምላጩን በቀስታ ጨምቀው፣ አምስት ጥይት። አምስቱም ተሰብስበዋል፤ ግን ሁሉም ከዒላማው ወረቀት የላይኛው ጠርዝ ጋር።

«ጋሼ፣ የፊተኛዋን ጫፍ የት ነው የሚያስቀምጧት?» አልኳቸው።

«የት ላስቀምጣት? ከኋላው ጥርስ አፍ ጋር እኩል ነዋ!»

«እሱ የክላሽ ነው። ይኸኛው ጫፏን ጉድጓዱ ሥር ነው የሚፈልገው፣ ከታች፣ ለመታየት ያህል ብቻ።»

«እና ታዲያ አስተማሪዬ አርባ ዓመት ዋሸኝ?» ብለው ሳቁና እንደገና ተኙ። የሚቀጥሉት አምስት ጥይቶች ከወረቀቱ ጠርዝ ወርደው ወደ ክቦቹ ገቡ።

የጣሊያን ወታደር የተማረው አተያይ እንዲህ ነበር፤ የፊተኛዋ ጫፍ ከኋላው የ«ቪ» ቅርጽ ጉድጓድ ታች ብቅ ትላለች እንጂ እስከ አፉ አትሞላውም። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ግማሽ ሜትር አለ እንበል። ዓይን በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢያደርጋት ጥይቱ በ100 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለቅርብ ርቀት ካልተሠራው ማነጣጠሪያ ጋር ሲደመር አንድ ሙሉ ወረቀት ያስታል። ይህ አተያይ ተሞክሮም ከፍታው ካልተወገደ መፍትሔው የፊተኛውን ማነጣጠሪያ በረዘመ መተካት ነው። አሮጌውን በሞረድ መነካካት ግን ክልክል ነው፤ ሞረድ ማነጣጠሪያውን ስለሚያሳጥረው ጥይቱ ከነበረበት ይብስ ከፍ ይላል። ለወደ ቀኝና ወደ ግራ መሳት የፊተኛው ማነጣጠሪያ በመቀመጫው ላይ በጥንቃቄ ወደ ጎን ይገፋል፤ የሚገፋውም ጥይቱ ወደሳተበት አቅጣጫ ነው። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል።

አሁን ከባዱ፣ «ይበትናል»። ብዙዎቹ አማተር ጠጋኞች እዚህ ሲደርሱ በርሜሉን ይከሳሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጥይቱን ነው፤ ከካርካኖ ጋር ደግሞ ጥርጣሬዬ የተለየ ምክንያት አለው።

በርሜል ውስጥ የሚገኙት ጥምዝ ቦዮች አረሩን ነክሰው እያሾሩ ያስወጡታል፤ ካልሾረ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ለመንከስ ደግሞ አረሩ ከቦዩ ወለል እስከ ቦዩ ወለል ያለውን ስፋት መሙላት አለበት። የሌሎች አገሮች 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይቶች፣ የስዊድኑም የጃፓኑም፣ አረራቸው 6.71 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የካርካኖ በርሜል ቦይ ግን እስከ 6.80 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጣሊያኖቹም አረራቸውን በዚያው ልክ ያደልቡት ነበር። ልዩነቱ 0.09 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። ገበያ ላይ ግን «6.5» የሚለው ስም አንድ ነው። ብዙ ፋብሪካዎችና ጥይት በቤት የሚሞሉ ሰዎች በሁሉም 6.5 ጠመንጃ የሚጠቀሙበትን ቀጭን አረር ካርካኖ ቀለህ ውስጥ ሲያስገቡ አረሩ በሰፊው ቦይ ውስጥ ግማሽ ልብ ሆኖ ይሾራል። አንዳንዱ በርሜል ይታገሠዋል። ብዙው ግን ይበትናል፤ ሲብስም አረሩ ወረቀቱን በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ ይመታዋል።

ይህን በወረቀቱ ላይ ማየት ቀላል ነው። ደህና የሾረ አረር የሚበሳው ክብ ቀዳዳ፣ ዙሪያው በጥላሸት የተከበበ ነው። ያልሾረው የሚተወው ግን ረዘም ያለ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ስንጥቅ ነው። አንዲት እንዲህ ያለች ስንጥቅ ከታየች ምላጭና እንጨት መመርመሩ ይቅር፤ ጥፋቱ አረሩ ወይም በርሜሉ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት የቆየና አስተማማኝ ዘዴ አለ፣ በርሜሉን በእርሳስ መለካት። ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ጠመንጃ መቀባበያው ይወጣል፤ ካርካኖ ላይ ምላጩን ስበው ወደ ኋላ ሲጎትቱት ሙሉ ለሙሉ ይወጣል። የበርሜሉ ውስጥ በዘይት ይወለወላል። ከቦዩ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል፣ የዓሣ መንጠቆ ክብደት ቢሆንም ያገለግላል፣ አፈሙዙ ላይ ይቀመጥና በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታል። ጠርዙ ትርፉን ቀጭን ቀለበት አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ ሙሉ የእርሳሱ አካል ውስጥ ገብቷል። ቀጥ ያለ የነሐስ ወይም የእንጨት ዘንግ ተይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ወሬው የሚመጣው እዚህ ላይ በእጅ ነው። ደህና በርሜል ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ይከብዳል። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቀለል ካለ እዚያ ዝገት በልቶታል ወይም አንድ ጊዜ አብጧል። ወደ ጥይቱ ማረፊያ ሲጠጋ ብቻ ከቀለለ እሳት የበላው የዕድሜ ድካም ነው። እርሳሱ በወዲያኛው አፍ ሲወጣ በጎኑ አራት ጉብታ ታትሞበት ይገኛል፤ ካርካኖ አራት ቦይ ስላለው ጉብታዎቹ ፊት ለፊት ይገጥማሉና ማይክሮሜትሩ ከጉብታ እስከ ጉብታ ይለካል። 6.80 ካነበበ በርሜሉ ጤነኛ ነው፤ የተራበው አረር ነው። ከዚያ በእጅጉ ከበለጠ በርሜሉ ሰፍቷል።

መድኃኒቱ ልኩ የሆነ አረር መፈለግ ነው። ሆርናዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ችግር ተረድቶ በኢንች ሲለካ 0.268 የሆነ፣ 160 ግሬን የሚመዝን ድቡልቡል አፍንጫ አረር ለካርካኖ ሠርቶ ነበር። ክብደቱ የጥንቱን የጣሊያን አረር ያህላል፤ ይህም የራሱ ጥቅም አለው። የካርካኖ በርሜል መግቢያው ረጅም ስለሆነ አጭርና ቀላል አረር ቦዩን ከመንከሱ በፊት ባዶ ቦታ ይዘላል፤ ረጅሙ ግን ገና ከቀለሁ ሳይለቅ ተደግፎ ይገባል። ብዙ «የሞቱ» ካርካኖዎች የተነሡት በዚህ አረር ብቻ ነው።

በጥይት የማይድን አንድ የካርካኖ ዝርያ ግን አለ። በመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ጠመንጃዎች ውስጥ የቦዩ ጥምዘት እኩል አይደለም፤ ከኋላ ዝግ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ እየፈጠነ ይሄዳል። ሐሳቡ አረሩን በድንገት ላለመጠምዘዝ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አጭር ጠመንጃ ሲፈለግ እነዚህ ረጃጅሞች ተቆርጠው ሞዴል 91/24 ተባሉ። የተቆረጠው ደግሞ የፊቱ ክፍል፣ ማለትም ጥምዘቱ የሚፈጥንበት ነው። የቀረው በርሜል ያን ረጅም አረር በሚገባ ሳያሾር ይለቀዋል። ለቁጠባ የተደረገ ሥራ ነው፤ ውጤቱም የቁጠባ ነው። ባለቤቱ 91/24 መሆኑን ካወቀ ብዙ ባይደክም ይሻለዋል።

ጥይቱ ልክ ሆኖ አሁንም ከበተነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የአፈሙዙ ጠርዝ ነው። አረሩ በርሜሉን የሚሰናበተው በዚያች ቅጽበት ስለሆነ ጠርዙ በአንድ ወገን ከተበላ የሚገፋው ጋዝ በዚያ ወገን ቀድሞ ያመልጥና የአረሩን ጅራት ይገፋዋል። ጠርዙን ማን በላው? አብዛኛውን ጊዜ ጠላት አይደለም፤ ንጽሕና ነው። ወታደር በየቀኑ የብረት ዘንጉን በአፈሙዙ አስገብቶ ሲወለውል ዘንጉ እየታከከ በዓመታት ውስጥ የቦዩን ጫፍ ያጠፋዋል። ለዚህ ነው የአንዳንድ የሩሲያ ሞሲን ጠመንጃዎች አፈሙዝ በጥገና ፋብሪካ ከውስጥ ተቦርቡሮ፣ አዲሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚታየው። ካርካኖ ግን መቀባበያው በቀላሉ ስለሚወጣ ከኋላ መወልወል ይቻላል፤ ከፊት የሚወለውል ሰው ሰበብ የለውም። ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም። ባሩድም መለኮሻም የሌለው የማሳያ ጥይት ተገልብጦ በአረሩ አፈሙዙ ውስጥ ይገባል። በአፈሙዙ ጠርዝና በቀለሁ አፍ መካከል ደህና ክፍተት ከቀረ አፈሙዙ ደህና ነው፤ ቀለሁ ከጠርዙ ጋር ከተጋጠመ ተበልቷል። መፍትሔው ጥሩ ቶርኖ ቤት ነው፤ ጠርዙ እንደገና ክብ ሆኖ ይቆረጣል። ይህን በቤት በመሰርሰሪያ የሞከረ ሰው ያጋጠመኝ ሁሉ ተጸጽቷል።

ስለ ዝገት ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም ምክሩ በስሕተት ሲነገር እሰማለሁ። የድሮ የጦር ጥይት መለኮሻው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲፈነዳ የሚቀረው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፣ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ። በርሜሉ ውስጥ ተቀምጦ እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በአንድ ሌሊት ብረት መብላት ይጀምራል። ሰው ሁሉ ዘይት ይቀባበታል፤ ዘይት ግን ጨው አያሟሟም፤ ከላይ ይሸፍነውና ጨው ሥራውን በሰላም ይሠራል። የሚያሟሟው ውሃ ነው፤ የፈላ ውሃ ከኋላ በኩል ይፈስሳል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በተለይ ከርካሽ መጋዘን ጥይት በኋላ ይህን በዚያው ቀን ያላደረገ ሰው በሚቀጥለው ወር ስለ በርሜሉ ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

ከዝገቱ ሌላ የመዳብ ልባስ አለ። አረሩ በሄደበት ሁሉ ልብሱን ቦዩ ላይ እየለጠፈ ይሄዳል፤ ከብዙ ዓመታት ተኩስ በኋላ ቦዩ ይሞላል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ተደርጎ ሲወለወል ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳቡ እየለቀቀ ነው። ከአፍሪካ መጋዘን የወጣን በርሜል ለማጽዳት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው አንዳንዴ ያበራል፣ አንዳንዴ እንደ ወንፊት የተነቀሰ ብረት ነው። የተነቀሰ በርሜል ሁሉ ግን የሞተ አይደለም፤ ወደ አፈሙዙ ያለው የመጨረሻው ክፍል ደህና ከሆነ የሚገርም አሰባሰብ ይገኛል። ስለዚህ በዓይን አይፈረድም፣ በወረቀት ነው።

እንጨቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ያታልላል። የወታደር ጠመንጃ በርሜል ከእንጨቱ ጋር ይነካካል፤ እንጨቱ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ መጋዘን ውስጥ ይጣመማል። በርሜሉ ሲሞቅ አንዱ ጎኑ እንጨት ከነካ ጥይቶቹ ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተሰብስበው ቀጣዮቹ በሰልፍ ሲሄዱ ከታየ ምልክቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ዋናዎቹን ብሎኖች ማጥበቅ ነው፤ በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ግማሾቹ ላልተው ይገኛሉ። ከሌላ አገር የመጣን «በርሜሉን ከእንጨት አስለቅቁ» የሚል ምክር በጭፍን መከተል ግን አያዋጣም። የእንግሊዞቹ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ጭራሽ እንጨቱ በርሜሉን ከፊት ወደ ላይ እንዲደግፈው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ድጋፉን ቦርቡሮ ያወጣ ሰው ጠመንጃውን ራሱ አበላሸው። የሩሲያው ሞሲን 91/30 ደግሞ ማነጣጠሪያው የተስተካከለው ሳንጃው ተሰክቶ ነው፤ ያለ ሳንጃ ሲተኮስ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። የየአገሩ ሠራዊት የየራሱ አሠራር ስላለው መጀመሪያ የሠሪውን ሐሳብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተኳሹንም እንመርምረው። የካርካኖ አጭር ካርባይን ቀላል ስለሆነ ጀርባው ትከሻ ይመታል፣ አፈሙዙም ይጮኻል፤ ሰው ከሦስተኛው ጥይት ጀምሮ ዓይኑን እየጨፈነ ምላጩን ይነጥቃል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጓደኛ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል አንድ የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ሳይነግረው ያስገባለታል። መርፌው «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ከተንደረደረ በሽተኛው ጠመንጃው አይደለም። ሲሞከርም ከአሸዋ ከረጢት ላይ ነው፤ የሚደገፈው እንጨቱ እንጂ በርሜሉ አይደለም። ሦስት ጥይት ዕድል ነው፤ አምስት ወሬ ነው፤ አሥር ማስረጃ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሥርዓት አለ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ብሎን አጥብቆ፣ ጥይት ቀይሮ፣ አተያዩን አርሞ በአንድ ቀን የሚመጣ ሰው ጠመንጃው ቢሻሻል እንኳ ምን እንዳሻሻለው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ሲበላሽበት ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የጥይቱ ዓይነትና የተለወጠው ነገር ተጽፎ ይቀመጥ።

ገንዘብን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው አተያይን ማረም ነው፣ ነፃ ነው። ቀጥሎ ብሎኖችና ማጽዳት። ቀጥሎ ልኩ የሆነ አረር። የአፈሙዝ ጠርዝ ማስቆረጥ ከዚያ በኋላ ነው። እርሳሱ በርሜሉ እንደሰፋ ከመሰከረ ደግሞ ለጥገና አንድ ሳንቲም አታውጡ፤ አዲስ በርሜል ማስገጠም ከጠመንጃው ዋጋ ይበልጣል። ያን ገንዘብ በርሜሉ የሚያበራ ሌላ ካርካኖ ግዙበት፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን መቀባበያውን አውጥታችሁ በርሜሉን ከጥግ እስከ ጥግ እዩት፤ ሻጩ አይቻልም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።